የመልስ ስንቅ

ጉዞ የሚያቅድ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው መድረሻውን ነው። በየት በኩል እንደሚሄድ፣ በምን እንደሚሄድ፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅበትና ምን ያህል ገንዘብ እንደሚበቃው ያሰላል። በዓልን በጎረቤት ሀገር ለማሳለፍ ማቀድም የዘመናችን፣ ያውም የአውሮጳውያን ልማድ ብቻ ይመስለናል። አውሮጳዊው የገና ዕረፍቱን ከድንበር ማዶ ባለች ከተማ ለማሳለፍ ከወራት በፊት ትኬት ይቆርጣል፣ ማደሪያ ይይዛል፣ ገንዘቡን ይመነዝራል። ነገር ግን የእኛም አባቶችና እናቶች በዓልን ከባሕር ማዶ ለማክበር ያቅዱ ነበር፤ ክርስቲያኑ ፋሲካን በኢየሩሳሌም፣ ሙስሊሙ ዐረፋን በመካ። ለመሆኑ እንዴት ያቅዱ ነበር? ምን ይሰንቁ ነበር? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ መመለሻቸውን እንዴት ያስቡት ነበር?

ይህን ጥያቄ የማነሣው በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ምድር ላይ ቆሜ ነው። ይህ ምድር መንገደኛ ያልተለየው ምድር ነው። ወደ ምዕራብ ቢወጡ ላስታ፣ ወደ ምሥራቅ ቢወርዱ አፋር፣ ከአፋር ማዶ ባሕር፣ ከባሕሩ ማዶ ዐረብ ሀገር ነው። እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ወደ ኋላ ተመልሰን ከጥንቱ እንጀምር።

የዕለት እንጀራዬ ከገንዘብ ቆጠራ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ከገንዘቡ ብጀምር አንባቢ ይቅር ይለኛል። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለው ፖርቱጋላዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1520 ከሀገሩ መልእክተኞች ጋር ምጽዋ ወርዶ ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሲጓዝ ያኔ አንጎት ትባል የነበረችውን፣ ዛሬ በሰሜን ወሎ ውስጥ የምትገኘውን ምድር አቋርጦ ነበር። ካያቸው ነገሮች አንዱ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል። በአንጎት ገበያ እንደ ገንዘብ ይዘዋወር የነበረው አካፋ መሰል ሆኖ የተቀጠቀጠ ብረት ነበር፤ ከብረቱም ጋር ጨው። አሞሌ ጨው በሀገሪቱ ሁሉ የታወቀ ነው፤ በብረት መገበያየት ግን የዚህ አካባቢ መታወቂያ ነበር። እንግዲህ አንድ የአንጎት መነኩሴ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ቢነሣ፣ ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመው ሀብት በካይሮ ገበያ የብረት ቁራጭ እንጂ ገንዘብ አይደለም። ጨውም እንደዚያው፤ ከባሕሩ ርቆ ደጋ በወጣ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፣ ወደ ባሕሩ በቀረበ ቁጥር ግን ይረክሳል። የሀገሩን ገንዘብ ይዞ የጎረቤትን ድንበር የሚሻገር ሰው ሁሉ ዛሬም የሚገጥመው ችግር ያን ጊዜም ነበረ ማለት ነው። ወርቅ ያለው ወርቁን ይይዛል፤ የሌለው በመንገድ ላይ በሚያገኘው ምጽዋት ይተማመናል።

ከዘመናት በኋላ የማርያ ቴሬዛ ብር ይህን ችግር አቃለለው። የኦስትሪያዋ ንግሥት መልክ የተቀረጸበትና 1780 የሚለውን ቁጥር የያዘው ይህ ብር በእኛም ገበያ፣ በቀይ ባሕር ዳርቻዎችም፣ በዐረብ ሀገርም ይታወቅ ነበር። ሆኖም አንዱ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል። አንድ ሺህ ብር የያዘ መንገደኛ 28 ኪሎ ብረት ተሸከመ ማለት ነው። ከብደቱ አንድ ነገር፣ ድምፁ ሌላ ነገር። የሚንቃጨል ከረጢት ይዞ በረሃ መሻገር ሽፍታን መጥራት ነው። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲንያ ባንክ ከጊዜ በኋላ በደሴ ቅርንጫፍ፣ በጅቡቲም የመተላለፊያ ቢሮ ሲከፍት፣ ለነጋዴውም ለመንገደኛውም የወረቀት ዘመን መምጣቱ ነበር።

ገንዘቡን እዚህ ላይ እንተወውና ወደ ቀኑ እንለፍ። አልቫሬዝ እንደሚተርከው የኢየሩሳሌም ተሳላሚዎች ጉዟቸውን የሚጀምሩት ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ለሰሙነ ሕማማት እንዲደርሱ አስበው ነው። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። ጥምቀት ጥር 11 ቀን ነው፤ ክረምቱ አልፏል፣ ወንዞች ጎድለዋል፣ እህል ከአውድማ ገብቷል፣ ስለዚህ ስንቅ አለ። ፋሲካ ደግሞ በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። ቢቆጥሩት በጥምቀትና በፋሲካ መካከል ያለው ጊዜ ቢያጥር 75፣ ቢረዝም 109 ቀን ነው። ስለዚህ ጉዞውን የሚያቅደው ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ባሕረ ሐሳብ ዐዋቂውን ነበር ማለት ነው። ፋሲካ በሚቀድምበት ዓመት እግር መፍጠን አለበት፤ በሚዘገይበት ዓመት ደግሞ ስንቅ መብዛት አለበት።

መንገዱንስ ማን ያሳያቸዋል? ሄዶ የመጣ ሰው ነዋ። እ.ኤ.አ. ከ1519 እስከ 1524 ባሉት ዓመታት አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ የቬኒስ ሰው ወደ ጣልያን የዘለቁ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትን እየጠየቀ መንገዳቸውን ጽፎ አስቀርቶልናል። መነኮሳቱ ከቦታ ቦታ፣ ከወንዝ ወንዝ እየቆጠሩ፣ ከዚህ እዚያ ይህን ያህል ቀን ነው እያሉ ነገሩት። ካርታ በእጃቸው አልነበረም፤ ካርታው በእግራቸውና በልባቸው ነበር። እኛ በታሪክ መጻሕፍት የውጭ ሀገር ሰዎች ወደ እኛ የመጡበትን ጉዞ ማንበብ ለምደናል። የእኛ ሰዎች ወደ እነርሱ የሄዱበትን፣ የሄዱበትንም መንገድ ቀን በቀን ቆጥረው ያስጻፉበትን ታሪክ ግን ብዙም አናነሣውም።

ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ዕቅድ መመለስን ዋስትና አልሰጠም። አልቫሬዝ ከ300 በላይ የሆኑ መነኮሳትና መነኮሳይያት በአንድነት ወደ ኢየሩሳሌም እንደተነሡ ይነግረናል። በዝግታ የሚሄድ፣ አረጋውያን የሚበዙበት ጉዞ ነበር። ከሱአኪን ጥቂት ቀን አልፈው ሳለ ወንበዴዎች ወረዱባቸው። ሽማግሌዎቹ ተገደሉ፤ ወጣቶቹ ተሸጡ፤ ያመለጡት 15 ብቻ ነበሩ። ቀኑን ያውቃሉ፣ መንገዱን ያውቃሉ፣ ስንቅ አላቸው። ያልነበራቸው አንድ ነገር ነው፤ በመንገዱ ላይ ለሕይወታቸው የሚጠየቅ ባለቤት።

ከሄዱት መካከል ሳይመለሱ የቀሩ፣ ግን ባዶ እጃቸውን ያልቀሩም አሉ። ከደብረ ሊባኖስ የተነሡት አባ ተስፋ ጽዮን በኢየሩሳሌም በኩል ሮም ደርሰው በቅዱስ እስጢፋኖስ የኢትዮጵያውያን ገዳም ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በማተሚያ ያሳተሙ እርሳቸው ናቸው። ሀገራቸውን ሳያዩ እዚያው ጣልያን ውስጥ ዐረፉ። ሰውየው አልተመለሱም፤ መጽሐፋቸው ግን ተመለሰ። ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቁጥር ደስታና ሐዘን ይደባለቁብኛል፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

እንግዲህ መሄድ የማይችለው፣ ሄዶ መመለስ የማይችለውስ ምን ያድርግ? ለዚህ ጥያቄ ጎረቤታችን ላስታ የሰጠችው መልስ በዓለም ላይ እኩያ የለውም። ቅዱስ ላሊበላ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ነገሠ። ሳላሐዲን ኢየሩሳሌምን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1187 ስለሆነ፣ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናቱን ያነፀው ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስደው መንገድ በመዘጋቱ ነው ሲባል እንሰማለን። ነገር ግን ከዚያ በኋላም ኢትዮጵያውያን ወደ ኢየሩሳሌም መሄዳቸውን አላቆሙም፤ ከላይ ያነሣናቸውም ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ የሄዱ ናቸው። ስለዚህ እንደ እኔ እንደ እኔ፣ የላሊበላ ሥራ ለተዘጋ በር ብቻ የተሰጠ መልስ አይመስለኝም። በሩ ቢከፈትም ስንቅ ለሌለው፣ ጉልበት ለሌለው፣ ትቶት የሚሄደው ሕፃን ላለባት እናት የታሰበ ነው። ጎልጎታ፣ ደብረ ሲና፣ ቤተ ልሔም፣ መቃብረ አዳም፣ ዮርዳኖስ ሁሉም በስማቸው እዚያው ተገኙ። ከባሕር ማዶ ያለው ሀገር በስሙ መጥቶ ጎረቤት ሆነ። አልቫሬዝ ራሱ ሕንፃዎቹን አይቶ ከጻፈ በኋላ፣ ሀገሬ ሰዎች አያምኑኝም ብሎ ብዕሩን እስከ መሰብሰብ ደርሷል፤ እውነት ስለመሆኑም ምሏል።

ለላሊበላ ገና የሚደረገው ዕቅድ ከኢየሩሳሌሙ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ግን ዕቅድ ነው። ዳቦ ቆሎው፣ በሶው፣ ነጠላው፣ መቋሚያው፤ ማን ቤት ያድራል፣ ከማን ጋር ይወጣል፣ ላሞቹን ማን ይጠብቃል። እዚያ የሚደርሰውን እንግዳ የላሊበላ ሰው እግሩን አጥቦ ይቀበለዋል። ቻይናውያን በደርግ ዘመን የወረታን መንገድ እስከ ወልድያ ካገናኙ ወዲህ ብዙው ሰው በመኪና ቢሄድም፣ ስለቱ በእግር የሆነ ዛሬም በእግሩ ይወጣል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላንም ወልድያንም ሲደርስ ያ መንገድ ተቆርጦ፣ ጎረቤት የነበረችው ኢየሩሳሌም ለጥቂት ወራት እንደ እውነተኛይቱ ርቃን ነበር። ቅርብ የምንለው ሁሉ ቅርብ የሚሆነው ሰላም እስካለ ድረስ ብቻ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባን።

የታሪኩ ሌላ ግማሽ በሀብሩ ቆላ ነው። በመርሳና በዙሪያዋ ከመስጊዱ አዛን ጋር ተነሥቶ ወደ ማንጎውና ወደ ብርቱካኑ የሚወርደው ገበሬ የራሱ የበዓል ጉዞ አለው። በየጁ ምድር እንደ ዳና ያሉ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ለዘመናት ደረሳ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ከእነርሱም ወደ መካ የሚያስበው ብዙ ነበር። የሐጁ ወር በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ይመጣል። ስለዚህ ሐጁ አንዳንድ ዘመን በበጋ፣ አንዳንድ ዘመን በክረምት ይውላል፤ ተጓዡም ወንዝ ሞልቶ እንዳያስቀረው ቀኑን መቁጠር ይኖርበታል። በግመል ወይም በእግር በረሃውን አቋርጦ እስከ ባሕሩ፣ ከዚያ በጀልባ እስከ ጂዳ።

ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ይልቅ ልቤን የነካው አንድ የሃይማኖቱ ሕግ ነው። ሐጅ ግዴታ የሚሆነው ለሚችል ሰው ነው። መቻል ማለት ደግሞ ለመንገዱ የሚበቃ ስንቅ መያዝ ብቻ አይደለም፤ እርሱ እስኪመለስ ድረስ በቤቱ ለሚቀሩት፣ እርሱን ተስፋ ለሚያደርጉት ሁሉ የሚበቃ ቀለብ ትቶ መሄድም ነው። ዕዳ ያለበት ዕዳውን ይከፍላል። ያስቀየመው ሰው ካለ በየደጁ እየዞረ አፉ በሉኝ ይላል። ልብ በሉ፤ የጉዞው ዕቅድ የሚጀምረው ከመንገዱ ሳይሆን ከቤቱ ነው። መመለሻው ያልታሰበ ጉዞ፣ ቅዱስ ወደሆነው ስፍራ እንኳ ቢሆን፣ ግዴታ አይደለም።

የክርስቲያኑም ወገን ይህን ትምህርት በሌላ መንገድ ደርሶበታል። ነገሥታቱ ተሳላሚው ኢየሩሳሌም ደርሶ ሜዳ ላይ እንዳይቀር በዚያች ከተማ ማረፊያና ቤተ ክርስቲያን ለማቆም ደከሙ፤ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተጠናቀቀው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን የዚህ ምስክር ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ያ 75 ቀንና 109 ቀን የነበረው ጉዞ ወደ ሳምንታት አጠረ። ልዕልት ወይዘሮ መነን በ1915 ዓ.ም. ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ ምስር ባደረጉት ጉዞ አብረው የሄዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጉዞውን በመጽሐፍ አውጥተውታል። ያ መጽሐፍ ለእኔ ከሌሎቹ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ሄደው፣ አይተው፣ በደኅና ተመልሰው የጻፉት መሆኑ ነው። የሄደ ሁሉ አይጽፍም፤ የተመለሰ ይጽፋል።

እስከዚህ የተናገርሁት ስላለፈው ነው። አሁን ደግሞ በዘመኔ ስለማየው ልናገር።

ዛሬም ከሀብሩ፣ ከመርሳ ዙሪያና ከአጎራባች ወረዳዎች ሰው ወደዚያው ባሕር ይወርዳል። ጥምቀትን ጠብቆ አይደለም፤ የሐጅንም ወር ቆጥሮ አይደለም። ወጣት ነው። በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከታጁራና ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን በእግር ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ። ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ የመን በጦርነት ውስጥ ሆናም መንገዱ አልቆመም። ስንቁ አንድ ሁለት ጠርሙስ ውሃ፣ ጥቂት ብስኩት፣ በወረቀት ላይ የተጻፈ የደላላ ስልክ ነው። ባሕር የበላው አለ፤ በረሃ ያስቀረው አለ። የመን ላይ አጋቾች እጅ የሚወድቀው ደግሞ ስልክ ተደውሎ ጩኸቱ ለእናቱ ይሰማል፤ በሬው ተሽጦ ገንዘቡ ይላካል። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ከሱአኪን ማዶ ከሆነው ነገር ልዩነቱ ምንድን ነው? ያን ጊዜ ወጣቶቹ ተሸጡ፤ ዛሬ ወላጆቻቸው መልሰው እንዲገዟቸው ይጠየቃሉ።

የተሳካለት ሠርቶ ገንዘብ ይልካል። ያ ገንዘብ በእኔና በባልደረቦቼ እጅ ያልፋል፤ በመርሳ ላይ የቆመውን ቆርቆሮ ቤትና ሱቅ አይቼ ይህ የባሕር ማዶ ላብ ነው የምለው ብዙ ነው። ይህን አላቃልልም። አንድ ቀን ከገጠር የመጡ እናት ገንዘባቸውን ተቀብለው፣ ቆጥረውም ሳይጨርሱ መስኮቱን ሳይለቁ ቆሙ። «እናቴ፣ ጎደለ እንዴ?» አልኳቸው። «አልጎደለም ልጄ» አሉኝ። «እዚያ ወረቀት ላይ የሚመጣበትን ቀን አልጻፈም?» ቅጹን ደግሜ አየሁት። የላኪ ስም፣ የተቀባይ ስም፣ የገንዘቡ መጠን፣ የሚስጥር ቁጥር። የመመለሻ ቀን የሚባል ረድፍ የለውም። «አልጻፈም እናቴ» አልኳቸው። ብሩን በመቀነታቸው ቋጥረው፣ መርቀውኝ ወጡ። የአባ ተስፋ ጽዮን ነገር ደስታና ሐዘኑን የሚያደባልቅብኝ ለዚህ ነው። የተላከው ነገር ይደርሳል፤ የላከው ሰው ግን አይደርስም።

መመለስ ሲመጣም በራስ ዕቅድ የሚመጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ወራት ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመልሰዋል። ብዙዎቹ የለበሱትን ብቻ ይዘው ነበር። ያ መመለስ ሳይሆን መመለስ ተደርጎባቸው ነው። ከእነርሱም ውስጥ ጥቂት ቆይተው በዚያው መንገድ እንደገና የወረዱ አሉ፤ ቤታቸው ለመልሳቸው የተዘጋጀ ስንቅ አልነበረውምና።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ስል ወጣቱን ለመውቀስ አይደለም። መሬቱ ጠቧል፤ ሥራው አንሷል፤ መሄድ ደግሞ በእኛ ምድር የነውር ታሪክ የለውም፤ ስንጓዝ የኖርን ሕዝብ ነን። የምለው ይህን ነው፤ አባቶቻችን በረጅም ዘመን መከራ የተማሩትን አንዱን ግማሽ ብቻ ነው የወረስነው። መሄድን ወርሰናል። ቀን መቁጠሩን፣ ዕዳ መክፈሉን፣ ለሚቀረው ቀለብ መተዉን፣ በሚደርሱበት ሀገር ማረፊያ ማበጀቱን፣ በመንገድ ላይ ለሰው ሕይወት የሚጠየቅ ባለቤት መፈለጉን ግን በባሕሩ ዳርቻ ጥለነዋል። ይህ ደግሞ የአንድ ወጣት ሥራ ብቻ አይደለም። ነገሥታቱ በኢየሩሳሌም ቤት የሠሩት ተሳላሚው ራሱ መሥራት ስላልቻለ ነው። ላሊበላም ዓለቱን ሲያስፈለፍል፣ መሄድ የማይችል ሰው እዚሁ የሚፈልገውን ያገኝ ዘንድ ነው። ዛሬስ ወጣቱ ሪያድ የሚፈልገውን ነገር ጥቂቱን እንኳ መርሳ ላይ እንዲያገኝ የምናንጸው ምንድን ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሥራ መካከል፣ በማይጠቅም ቅጽ ጀርባ ላይ የጻፍኋት ሁለት ስንኝ አለች።

መሄድማ ይሄዳል መንገዱን የያዘ፣
ምን ይሆናል ስንቁ ለመልስ ካላገዘ።

እንግዲህ ከእናንተም መካከል ወንድሙ፣ እኅቱ ወይም ልጁ ለመሄድ እያቀደ ያለ ካለ፣ በየት በኩል ትሄዳለህ፣ ስንት ትከፍላለህ ከማለቱ በፊት የሀብሩ ሐጅ ተጓዥ ራሱን የሚጠይቀውን ጥያቄ ይጠይቀው። እስክትመለስ ድረስ ቤትህ ምን ይበላል? ስትመለስስ ምን ይቆይሃል? መልሱ ከተገኘ መንገዱ ቀና ይሁንለት። ካልተገኘም ስንቁ ገና አልሞላምና፣ አብረን እንሙላለት።